ለልጄ የዘረመል አማካሪና ለአስተርጓሚው የቀረበ ምስጋና

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል የሚሠሩ አንዲት የዘረመል አማካሪ (በዘር ሊተላለፉ ስለሚችሉ ሕመሞች ለቤተሰብ የሚያስረዱ ባለሙያ) እና አብረዋቸው የተመደቡልን አማርኛ አስተርጓሚ ለቤተሰባችን ላደረጉት ሁሉ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ እወዳለሁ።

የአምስት ዓመቷ ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በጀርባዋና በሆዷ ላይ የማኪያቶ ቀለም ያላቸው ዘጠኝ ምልክቶች አሉባት። እናቴ ገላዋን ስታጥባት አንድ በአንድ እየነካች «ማርያም ስማታለች» ትላት ነበር። ምልክቶቹን የቆጠሩት ሐኪም ወደ አንድ ክሊኒክ ላኩን፤ በዚያ አስተርጓሚ ስላልቀረበልን «የአንጎል ዕጢ» የሚለውን ቃል ለእኔ የተረጎመልኝ የ12 ዓመት ወንድሟ ነበር። ያን ሌሊት ልጁ እንቅልፍ አልወሰደውም።

አማካሪዋ ግን ከሁሉ በፊት ወረቀት አውጥተው፣ ሴቱን በክብ፣ ወንዱን በአራት ማዕዘን እየሣሉ፣ ዘመዶቻችንን እስከ አያቶቻችን ድረስ ጠየቁን። ከደም ምርመራው በኋላም የልጄ ሕመም ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 1 እንደሚባል፣ ከ3,000 ልጆች በአንዱ ገደማ እንደሚታይና መነሻው በሴሎቻችን ውስጥ ዘረመሎችን ከሚሸከሙት ክሮሞዞሞች በ17ኛው ላይ ባለ አንድ ዘረመል የተፈጠረ ለውጥ እንደሆነ አስረዱን። ይህ ዘረመል የሴሎችን እድገት የሚገታ ፕሮቲን ያሠራል፤ አስተርጓሚው «ፍሬን ነው በሉት» ሲሉኝ ወዲያው ገባኝ። እኔ ዕጢው አይቀሬ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ከዓይን ወደ አንጎል በሚሄደው የዓይን ነርቭ መስመር ላይ ዕጢ የሚወጣባቸው ከመቶ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት ልጆች ሲሆኑ፣ ይህም በአብዛኛው ከሰባት ዓመት በፊት የሚታይ፣ ብዙ ጊዜም ቀስ ብሎ የሚያድግና ሕክምና ሳያስፈልገው በክትትል ብቻ የሚቆይ ነው። ስለዚህ ልጄ በየዓመቱ በዓይን ሐኪም ትታያለች።

አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ፈርቼ ቆይቼ ነበር፦ በእርግዝናዬ የጾምሁት ጾም ወይስ ያነሳሁት ከባድ ዕቃ ነው ለዚህ ያበቃት? አማካሪዋ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው፣ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ለውጡን ከወላጅ እንዳልወረሱት፣ በእኔም በአባቷም ደም ውስጥ እንዳልተገኘ፣ ያደረግሁት ምንም ነገር እንዳላመጣው ነገሩኝ፤ አልቅሼ እስክጨርስም ዝም ብለው ጠበቁኝ። ይህን ውለታ አልረሳውም።

እንዲህ ያለ ምርመራ የታዘዘላችሁ ወላጆች የዘረመል አማካሪ እንዲመደብላችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ቀጠሮ ስትይዙም አማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ ተናገሩ፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ይህን ያለ ክፍያ የማቅረብ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። ስማቸውን ለመጻፍ ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅሁ፣ የሚፈልጓቸው በውስጥ መስመር ቢጽፉልኝ የት እንደሚገኙ በደስታ እነግራለሁ። አሁን ለቀጠሮ ስንሄድ ወንድ ልጄ ውጭ መጠበቂያው ክፍል ተቀምጦ የቤት ሥራውን ይሠራል።