ስፒንፊሸር 6 ወይስ ስላመር 4?

ከፍሎሪዳ ጠረፍ ርቆ ማሂማሂና ቱና የተባሉ የባሕር ዓሦችን ለሚያጠምድ ሰው፣ የፔን ኩባንያ ሁለት ሪሎች (የማጥመጃ ክር መጠቅለያዎች)፣ ስፒንፊሸር 6 እና ስላመር 4፣ በ6500 መጠናቸው ይበቃሉ። ሁለቱም አካላቸው የብረታ ብረት ነው። ዋናው ልዩነት ውኃ መከላከሉ ላይ ነው። ስፒንፊሸር ውኃ የመከላከል ደረጃው አይፒኤክስ5 ነው፤ ፈተናው በደቂቃ 12.5 ሊትር የሚረጭ ውኃ ነው። የስላመር አይፒኤክስ6 ግን 100 ሊትር ይደርሳል። ማዕበል የጀልባውን ጠርዝ ዘልሎ ሪሉን ሲያለብሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማርሹ ውስጥ ጨው የገባበት ሪል እጀታው ሲዞር አሸዋ የገባበት ወፍጮ ይመስላል። ሆኖም ደረጃዎቹ ለሚረጭ ውኃ እንጂ ለመንከር አይደሉም። ከጉዞ መልስ ፍሬኑን (ዓሣው ክሩን ሲጎትት የሚይዘውን ክፍል) አጥብቆ በንጹሕ ውኃ በቀስታ ማጠብ ያስፈልጋል።

ስፒንፊሸር ዋጋው ይቀንሳል፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚወጣ እሱን እመርጣለሁ። በየሳምንቱ ለሚወጣ ግን ያለ ማመንታት ስላመርን።