ውጅግራ ወይስ ምንሽር? ሻጩ ራሱ ሲያወዳድር

ሁለቱም የአያቴ አሮጌ ጠመንጃዎች ናቸው፣ ሻጩም እኔው ነኝ። ስለዚህ የምላችሁን አምናችሁ ሳይሆን በዓይናችሁ አይታችሁ ግዙ።

አያቴ የዘጌ ሰው ነበሩ። ውጅግራውን ቅቤ ቀብተው ምሰሶ ላይ ይሰቅሉት ነበር፣ ምንሽሩን ግን ሣጥን ውስጥ። ልዩነቱ ዛሬ ድረስ ይታያል። ምሰሶው ላይ የዋለው ጭስ ጠግቦ ደህና ቆይቷል። የሣጥኑን ዘንድሮ ክረምት እንጨቱን ባነሣለት፣ ከሥሩ ዝገቱ እንደ በርበሬ ተነስንሷል። የጣና እርጥበት ላይ ላዩን አይነካም፣ ከእንጨት ሥር ነው የሚበላው። ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ጠመንጃ የምታዩ ከሆነ እንጨቱ ሳይነሣ ዋጋ አትነጋገሩ።

ውጅግራው የ1874 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ነው። ስሙም ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የመጣ ነው። አንድ ጎራሽ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ የጽሕፈት እርሳስ ብትከቱበት ይወዛወዛል። የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ስለሆነ በሌላ ጥይት መሞከር ሞኝነት ነው። ዓድዋ ውሏል ወይ? ከተማው ውስጥ ያለ ውጅግራ ሁሉ በባለቤቱ አፍ ዓድዋ የዋለ ነው፣ እኔ ግን ማስረጃ የለኝምና ለዚያ ብዬ ብር አልጨምርም።

ምንሽር ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። ስሙ ከኦስትሪያው ጠመንጃ ከማንሊኸር ነው፣ እኛ ጋ ግን የጀርመኑ ማውዘርም ምንሽር ይባላል። መለያው ቀላል ነው፦ ማውዘር የመቀርቀሪያው እጀታ መጀመሪያ ወደ ላይ ተነሥቶ ነው የሚሳበው፣ የ1895ቱ (እ.ኤ.አ.) ማንሊኸር ግን ሳይነሣ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይመጣል። አንድ ደላላ የኔን «ማውዘር ነው» ብሎ ሲከራከረኝ ሳብ አድርገው አልኩት፣ ዝም አለ። አምስት ጎራሽ ነው፣ 8 ሚሊ ሜትር። ጉድለቱን ልናገር፦ የመቀርቀሪያው ቁጥርና የአካሉ ቁጥር አይገጥሙም። ማለትም ከሁለት ጠመንጃ የተገጣጠመ ነው፣ ለሰብሳቢ ይህ ትልቅ ቅናሽ ነው።

ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለልጅ ታሪክ ለማውራት ከሆነ ያለ ጥርጥር ውጅግራውን። ምንሽሩ አሠራሩን ፈታትቶ ማየት ለሚወድ ሰው ይሆናል።

ከደወሉልኝ አንዱ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ይተኩሳል?» ብሎ ነው። ስልኩን ዘጋሁት። ሌላው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ «ሰደፉ የራሱ ነው ወይስ እዚህ የተጠረበ?» አሉኝ። ከእሳቸው ጋር ገና እየተነጋገርን ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ ድርድር የለም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝ አይቻልም፣ አሮጌ ነው ማለትም አያድንም። ስለዚህ መጀመሪያ አብረን ፖሊስ ጋ እንሄዳለን፣ አይሆንም ካሉ ይቀራል። ቅርስ ተብሎ የሚመዘገብ ከሆነም ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ ውጭ ላለ ዘመድ ልላክ የምትሉ አትድከሙ። እስከዚያው መቀርቀሪያዎቹ ተነቅለው ሌላ ቤት ተቆልፎባቸዋል፣ ለማየት ስትመጡም አላወጣቸውም።