ከፍተኛ ሽልማት ወይስ በድብቅ የሚደረግ ምልክት?

ተመራማሪዎች ምልክት አድርገው ከሚለቋቸው ዓሦች መካከል አጥማጆች የሚያገኟቸውን ምን ያህሉን እንደሚያሳውቁ ካልታወቀ፣ የዓሣ ክምችት ግምት ይዛባል። አንደኛው ዘዴ ከተራ ምልክቶች ጎን ከፍተኛ ሽልማት የተጻፈባቸውን መልቀቅ ነው፤ ለምሳሌ ከተራዎቹ 12 በመቶ፣ ከባለሽልማቶቹ 20 በመቶ ቢመለሱ፣ የማሳወቂያው መጠን 60 በመቶ ይሆናል። ይህ ግን የተገኘ ባለሽልማት ምልክት ሁሉ እንደሚመለስ ያስባል፤ በእውነቱ 90 በመቶው ብቻ የሚመለስ ከሆነ ትክክለኛው መጠን ወደ 54 ይወርዳል። ለተበታተኑ የመዝናኛ አጥማጆች ግን ከዚህ የተሻለ አማራጭ አይታየኝም።

በሕንድ ውቅያኖስ የቱና ጥናት የተሠራበት ሌላው ዘዴ፣ በመርከብ ላይ ያለ ታዛቢ በተያዙ ዓሦች ላይ በድብቅ ምልክት እንዲያደርግና በሲሸልስ ወደብ በማራገፊያ ጊዜ ስንቱ እንደተገኘ እንዲታወቅ ያደርጋል። ለትልልቅ መርከቦች ይህን እመርጣለሁ፤ እርግጥ ሠራተኞቹ ከነቁ ውጤቱ ከንቱ ነው።