ለባሕር ዐለት የተሠራ ዘንግ ለሐዋሳ አምባዛ ይሆናል?

ሐዋሳ ከተማ ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ የዞረ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው መረብ፣ የመረብ መጠገኛ ክርና በጥቅል የሚሸጡ ትንንሽ መንጠቆዎችን ነው። በሐይቁ ላይ የሚሠራው አስጋሪ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ በመረብ፣ አምባዛን ደግሞ ብዙ መንጠቆ ተሰድሮበት ውሃ ውስጥ በሚያድር ረጅም ገመድ የሚይዝ ባለሙያ እንጂ ዳር ቆሞ በዘንግ የሚወረውር ባለመሆኑ ይህ አያስገርምም። ስለዚህም አንድ የስፖርት ዕቃ መሸጫ «ለድንጋያማ የባሕር ዳርቻ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሙሉ የማጥመጃ ስብስብ በ9,500 ብር ሲያቀርብ በዘንግ ማጥመድ የምንወድ ሰዎችን ዓይን መሳቡ አልቀረም። ሻጩ ስብስቡ ለአምባዛ በልኩ የተሰፋ መሆኑን ይናገራል። እኔ በከፊል እስማማለሁ፤ ከፊሉ ግን ለዚህ ሐይቅ ጨርሶ ያልታሰበ ስለሆነ ገዢው የቱን ወስዶ የቱን መተው እንዳለበት አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቀማል።

በካርቶኑ ውስጥ ለሁለት የሚከፈል የ3 ሜትር ዘንግ፣ ትልቅ የክር ማጠንጠኛ፣ 200 ሜትር የተገመደ ክር፣ ክሩን ወደ ታች የሚያሰምጡ ከ100 እስከ 150 ግራም የሚመዝኑ የእርሳስ ክብደቶች፣ ጫፋቸው ወደ ውስጥ የዞረ ትልልቅ መንጠቆዎችና ሁለት የፕላስቲክ ማታለያ ዓሣዎች አሉ።

ዕቃው የታሰበለትን ዓሣ ሳያውቁ ዕቃውን መመዘን አይቻልም። ግሩፐር በሚል ስም የሚታወቀው የዓሣ ወገን በቀይ ባሕርም ሆነ በሜዲትራኒያን ሞገድ በሚደበድባቸው ዐለታማ ዳርቻዎች የሚኖር፣ ሰውነቱ ደንዳና፣ አፉም ሰፊ የሆነ አዳኝ ነው። የሚያድነው አሳዶ አይደለም፤ በዐለት ስንጥቅ ውስጥ ቀለሙን ከድንጋዩ ጋር አመሳስሎ ያደፍጣል፣ ሌላ ዓሣ ሲቀርበው አፉን በድንገት ከፍቶ ከነውሃው ስቦ ይውጠውና ወዲያውኑ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። መንጠቆ ሲይዘውም የሚያደርገው ይህንኑ ሲሆን፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ የስንጥቡን (የመተንፈሻውን) ክዳን ከፍቶ ከተወተፈ በኋላ ክሩ ይበጠሳል እንጂ ዓሣው አይወጣም። ትግሉ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ስለሆነ ለእርሱ የሚሠራ ዘንግ ወገቡ የማይታጠፍ፣ ክሩ የማይለጠጥ፣ ክሩ ሲጎተት እየያዘ የሚለቀው የማጠንጠኛው ፍሬንም ጠንካራ መሆን አለበት።

አምባዛ በጠባዩ ከዚህ ይለያል። በአራት ጥንድ ጢሙ የውሃውን የታችኛውን ወለል እየዳሰሰና እየቀመሰ፣ በተለይም ጨለማ ሲሆን፣ ያገኘውን የሚበላ እንጂ በአንድ ስንጥቅ ውስጥ ተቀምጦ በዓይኑ የሚጠብቅ አይደለም። ነገር ግን በድንጋያማ ዳር ላይ ከተያዘ በኋላ የሚሆነው ተመሳሳይ ነው፤ ሰውነቱን እያጠማዘዘ ወደ ድንጋዩ ሥር ወይም ወደ ቄጠማው ይገባል። በዚህ ረገድ ዘንጉ የሚመሰገን ነው። ከእጀታው ጀምሮ ያለው ሁለት ሦስተኛው ክፍል ደረቅ በመሆኑ ዓሣው ጭንቅላቱን ወደ ታች ሲያዞር ዘንጉ አብሮት አይሰግድም፤ ወደ ላይ ያነሳዋል። ጉድለቱ ጫፉ ላይ ነው። አምባዛ ምግቡን አንዳንድ ጊዜ በዝግታ እየገፋ ስለሚወስድ ጫፉ እንደ ወገቡ የደረቀ ዘንግ ይህን አያሳይም፤ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ የሞገዱን ንቅናቄ ከዓሣው መለየት ያስቸግራል። ጫፉ ላይ ትንሽ ቃጭል ማሰር ወይም ክሩን በሁለት ጣት መካከል ይዞ መጠበቅ ይረዳል፤ ይሁንና በዚህ ዋጋ የተሸጠ ዘንግ ቃጭል ባያስፈልገው በተሻለ ነበር።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ክሩ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ከባሕር ጋር ሲነጻጸር ጥልቀቱ እጅግ አነስተኛ የሆነ ውሃ ቢሆንም፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ሞገዱ የድንጋዩን ዳር ደጋግሞ ይመታል፤ በዚህ ጊዜ በድንጋይ ላይ የተኛ ክር ሳያቋርጥ ይፈተጋል። የተገመደ ክር በቀጥታ ሲጎተት እጅግ ብርቱ ነው፤ ካርቶኑ ላይ 30 ኪሎ እንደሚችል የተጻፈውን ለማመን አልቸገርም። በፍትጊያ ግን ደካማ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ድንጋይ ከነካው በኋላ ጣት ሲያሄዱበት የሚሻክር፣ ቀጫጭን ጭረቶቹ የተነሱበት ቦታ ይገኛል፤ ያንኑ ቦታ በሁለት እጅ ይዘው ቢስቡት ሳይታገል ይበጠሳል። መፍትሔው ከመንጠቆው በላይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወፍራም ናይለን መቀጠል ሲሆን፣ ውፍረቱ 0.60 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ይበቃል። ቋጠሮውን ከማጥበቅ በፊት በምራቅ ማርጠብ ያስፈልጋል፤ ደርቆ የጠበቀ ናይለን በሰበቃው ሙቀት ይዳከማል። ለዐለት የተሠራ የተባለው ስብስብ ይህን ናይለን አለማካተቱ ትልቁ ጉድለቱ ነው፤ ለባሕር ዳርቻ አጥማጅ ይህ ናይለን እንደ መንጠቆው ሁሉ የግድ ነው።

በሱቁ ውስጥ ክሩን የጠቀለለው ሠራተኛም ለስላሳውን የማጠንጠኛ ከበሮ በቀጥታ በተገመደው ክር ሸፍኖታል። እንዲህ የተጠቀለለ ክር ዓሣ ሲጎትተው በከበሮው ላይ እንዳለ ይሽከረከራል፤ ባለቤቱም ፍሬኑ የተበላሸ ይመስለዋል። ከሥሩ ጥቂት ሜትር ናይለን አስቀድሞ መጠቅለል ችግሩን ያስወግደዋል፣ ገዢው ከሱቁ ሳይወጣ ይህን ቢጠይቅ መልካም ነው።

እርሳሶቹም ለሞገድ እንጂ ለሐይቃችን አልተመጠኑም። 150 ግራም በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ከተወተፈ ይዞ የሚቀረው እርሳሱን ብቻ አይደለም፤ ናይለኑንና መንጠቆውንም ነው። ልምድ ያላቸው የባሕር ዳርቻ አጥማጆች ክብደቱን ከዋናው ክር በሚደክም ቀጭን ክር ለብቻው ያስሩታል፤ ሲወተፍ የሚበጠሰው እሱ ብቻ ስለሚሆን ዓሣው ከነመንጠቆው ይወጣል። በዚህ ዘዴ የሚጠፋው ነገር ርካሽ መሆን ስላለበት ጋራዥ ውስጥ የተጣለ አሮጌ ካንዴላ ከተገዛ እርሳስ ይልቅ ይመረጣል፤ እርሳስ በውሃ ውስጥ ከመተውም ይሻላል።

ማጠንጠኛው ደህና ነው። ጨው እንዳይበላው የተደረገለት ጥንቃቄ ለጨው አልባው ሐይቃችን ትርፍ ቢሆንም ፍሬኑ ሳይንገጫገጭ በለስላሳው ይለቃል። ልኩን ለማስተካከል ክሩን በሚንጠለጠል ሚዛን ላይ አስሮ መሳብና ከደካማው ክር አቅም ሩብ እስከ አንድ ሦስተኛ በሚሆነው ላይ ማቆም ነው፤ ናይለኑ 18 ኪሎ የሚችል ከሆነ ከ4.5 እስከ 6 ኪሎ ማለት ነው።

ማታለያ ዓሣዎቹን አልመክርም። በማሽተትና በመቅመስ የሚመራ ዓሣ ባለበት ውሃ ውስጥ ፕላስቲክ ከመወርወር ይልቅ ማለዳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ወርዶ፣ ቆሮሶ የሚበልቱት ልጆች ለአባ ኮዳ ወፎች ከሚጥሉት አንጀትና ጭንቅላት ጥቂት መለመን ይበልጣል። መንጠቆዎቹ ግን ቅርጻቸው ግሩም ነው፤ ዘንጉን በኃይል ሳይነጥቁ ክሩን ቀስ እያሉ ሲያጠብቁ ከአፉ ማዕዘን ላይ ስለሚይዙ ዓሣው በሆዱ አይውጣቸውም። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው በእምነታቸው የማይበሉት ብዙዎች በመሆናቸውና ይዞ መልቀቅም የተለመደ ሊሆን ስለሚችል ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። መጠናቸው ግን ለትልቁ አምባዛ እንኳ ይበዛል፤ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው አነስተኛ መንጠቆ ፈልጎ መተካት ይገባል።

ስለ አያያዙ ካርቶኑ ምንም አይልም፤ ሻጩም እንዲሁ። የአምባዛ የጎን ክንፎች ፊት ላይ ያለው እሾህ እጅ ስለሚወጋ በእርጥብ ፎጣ ይዞ መንጠቆውን በፒንሳ ማውጣት ያሻል። ሐይቁ ጉማሬ ያለበትና ጉማሬም በሌሊት ለግጦሽ ወደ ዳር የሚወጣ በመሆኑ፣ አምባዛ በጨለማ እንደሚበላ የሰማ ጀማሪ ብቻውን ዳር እንዳያመሽ ሊነገረው ይገባ ነበር።

የመለዋወጫ ነገር አሳሳቢ ነው። የማጠንጠኛው ክር መያዣ ሽቦ ስፕሪንግ ወይም የዘንጉ ቀለበት ቢሰበር ሱቁ የሚተካበት የለውም፤ ዋስትናውም አንድ ወር ብቻ ነው። ሲጠየቅ ግን ሻጩ ዘንጉንና ማጠንጠኛውን ለይቶ በ7,000 ብር ይሰጣል፤ ይህ በመለያው ላይ አልተጻፈም። በሚተርፈው 2,500 ብር ከገበያ ወፍራም ናይለን፣ አነስተኛ መንጠቆና ቃጭል ተገዝቶ ገንዘብ ይመለሳል።