ድምፅን ማጉላትና ማለዘብ ላስተማሩኝ የኦፔራ መምህሬ ምስጋና፣ መምህር ለሚፈልግም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ላለፉት ሁለት ዓመታት ድምፅ ላስተማሩኝ መምህሬ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብና፣ ድምፁን በቁም ነገር መግራት ለሚፈልግ ሰው እሳቸውን ለመጠቆም ነው። መምህሬ የዕድሜያቸውን እኩሌታ በኦፔራ መድረክ ያሳለፉ ሜዞ ሶፕራኖ (መካከለኛ የሴት ድምፅ ያላቸው ዘማሪ) ናቸው። ዛሬ መድረኩን ትተው ጥቂት ተማሪዎችን በየግላቸው ያስተምራሉ። ስማቸው በየቦታው እንዲነሣ ስለማይወዱ እዚህ አልጽፈውም፤ ሥራቸው ግን ሳይነገር መቅረት የለበትም። ከእሳቸው የተማርኩት ብዙ ቢሆንም የማወራው ስለ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም አንድን ድምፅ ሳይሰበርና ሳይቆራረጥ ማጉላትና ማለዘብ፣ ሙዚቀኞች ዳይናሚክስ የሚሉት ነው።

እሳቸው ዘንድ ከመሄዴ በፊት በኅብረ ዝማሬ ውስጥ ቴነር (ከፍ ያለው የወንድ ድምፅ) ሆኜ ለዓመታት አዚሜያለሁ። ድምፄ ትልቅ ነው ይባል ስለነበር እኔም በዚያ እተማመን ነበር። ቀድሞ ያስተማረኝ ሰው አንድ ኖታ በደከመብኝ ቁጥር «ግፋው!» ከማለት በቀር ሌላ መፍትሔ አልነበረውም፤ እኔም እገፋለሁ፣ ከልምምድ በኋላ ድምፄ ይሻክራል፣ በማግሥቱ ይዘጋል። በመጨረሻ ወደ ሐኪም ስሄድ የድምፅ አውታሮቼ ማበጣቸው ተነግሮኝ ለሳምንታት ዝም እንድል ታዘዝኩ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ያስተዋልኩት አንድ ነገር ነበር፤ ጮክ ብዬ ከማዜም በቀር ሌላ የማውቀው መንገድ አልነበረኝም። ቀስ ብለህ አዚም ስባል ወይ ትንፋሽ ብቻ የሚበዛበት፣ ከፊት ረድፍ የማያልፍ ድምፅ አወጣለሁ፣ ወይም ከራሴ ድምፅ ጋር ግንኙነት ወደሌለው ስስ ፋልሴቶ፣ ማለትም ወደ ቀጭን የውሸት ድምፅ፣ እሸሻለሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ቦታ ለእኔ ባዶ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን መምህሬ ዘፈን እንዳሰማቸው አልጠየቁኝም። ፒያኖው ላይ አንዲት መካከለኛ ኖታ መታ አደረጉና፣ «አ» በሚለው አናባቢ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ከምችለው ሁሉ በለዘበው ጀምሬ እስከምችለው አጉልቼ ተመልሼ ወደ ለዘበው እንድወርድ ነገሩኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ድምፁን ሳጎላው ኖታዋ ከቦታዋ ወደ ላይ ወጣች፤ ስመልሰው ወረደች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ደግሞ ድምፄ ለሁለት ተሰበረ። እሳቸው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ሥራችን ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል» አሉኝ። በዚያች ኖታ ላይ ብቻ አንድ ሰዓት ሙሉ ዋልን።

ይህ ልምምድ በኦፔራ ዓለም መሳ ዲ ቮቼ ይባላል። አዲስ ነገር አይደለም፤ ጣሊያናዊው ዘማሪና የዜማ ደራሲ ጁሊዮ ካቺኒ እ.ኤ.አ. በ1602 ባሳተመው የዜማ መጽሐፉ ድምፅን ስለማሳደግና ስለማሳነስ ጽፏል። የአገሩ ሰው ዘማሪው ፒየር ፍራንቼስኮ ቶሲም እ.ኤ.አ. በ1723 ስለ አዘማመር ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ልምምድ እያደነቀ፣ አለልክ እንዳይበዛ ያሳስባል። መምህሬ እነዚህን ስሞች የሚጠሩት ዕውቀታቸውን ለማሳየት ሳይሆን፣ ተማሪው የሚቸግረው ነገር እሱ ዘንድ የተጀመረ እንዳይመስለው ነው። እኔን በእውነት አበረታቶኛል፤ ለአራት መቶ ዓመታት ዘማሪዎች ሲታገሉለት የኖረ ነገር በሦስት ሳምንት አልሳካ ቢለኝ ተስፋ የምቆርጥበት ምክንያት አልነበረኝም።

ኖታዋ ለምን እንደምትወጣና እንደምትወርድ ያስረዱኝ ጊዜ ነው ብዙ ነገር የገባኝ። የወንድ የድምፅ አውታሮች ርዝመታቸው ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ቴነር ላይኛውን ላ የተባለውን ኖታ ሲያዜም እነዚህ ትንንሽ እጥፋቶች በሰከንድ ወደ 440 ጊዜ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ። ድምፅ የሚጎላው በዋናነት ከሥራቸው የሚገፋው የአየር ግፊት ሲጨምር ነው፤ ነገር ግን ግፊቱ ሲጨምር አውታሮቹ ፈጥነው ወደ መርገብገብ ያዘነብላሉና ኖታዋ ትወጣለች። ስለዚህ ዘማሪው ድምፁን እያጎላ ሳለ አውታሮቹን የሚወጥረውን ጡንቻ በዚያው ልክ ማላላት፣ እያለዘበ ሳለም መልሶ መወጠር አለበት። ይህን ሁሉ በሐሳብ እያሰላ የሚሠራ ሰው የለም። ሰውነት እስኪለምደው ድረስ በጆሮ እየተመሩ መደጋገም ብቻ ነው መንገዱ፤ ለዚህም ነው ስሕተቱ ገና ከመጀመሩ የሚሰማ ጆሮ ያለው መምህር የሚያስፈልገው። መምህሬ ኖታዋ በጥቂቱ መሸሽ ስትጀምር፣ እኔ ራሴ ሳልሰማው፣ ጣታቸውን ከጠረጴዛው ላይ ብድግ ያደርጋሉ። ከጊዜ በኋላ ያ ጣት ከመነሣቱ በፊት እኔም መስማት ጀመርኩ።

ከሁሉ ይልቅ የረዳኝ የስትሮው ልምምድ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ግማሽ ድረስ ውኃ ይሞላና ስትሮው ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ከንፈርን በስትሮው ዙሪያ ገጥሞ «ኡ» እያሉ ማጉላትና ማለዘብ ነው። አፍንጫ ትንፋሽ ማፍሰስ የለበትም። ውኃው ውስጥ የሚወጣው አረፋ የትንፋሹን ሁኔታ ያለምንም ይሉኝታ ይናገራል፤ ትንፋሹ ተቆራርጦ ከሆነ አረፋው ተቆራርጦ ይታያል፣ ከተገፋ ውኃው ይንፈቀፈቃል፣ ከሞተ አረፋው ይቆማል። በመጀመሪያው ሙከራዬ ውኃው ከብርጭቆው ዘሎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። መምህሬ በጨርቅ አብሰው ብርጭቆውን መልሰው ሞሉትና፣ «አሁን አረፋዎቹ እኩል መጠን እንዲኖራቸው አድርግ፤ ድምፁን እርሳው» አሉ። ዓይኔን አረፋው ላይ ተክዬ ስደጋግመው፣ ድምፄ ሳይሰበር ወደ ላይ ሄዶ ሲመለስ የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ነው። ምክንያቱም ስትሮው ጠባብ ስለሆነ ግፊቱን በከፊል ወደ ኋላ ይመልሳል፤ የተመለሰው ግፊት አውታሮቹ በኃይል ሳይጋጩ ለስለስ ብለው እንዲገናኙ ያግዛቸዋል። ያበጠ ጉሮሮ ይዤ ለሄድኩት ለእኔ ይህ ከልምምድነቱ በላይ መድኃኒት ሆኖኛል።

ትንፋሽን በተመለከተ ያስተማሩኝ ከቀድሞው ልማዴ ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ ነበር። ጣሊያኖች አፖጆ ይሉታል፤ መደገፍ ማለት ነው። ዘማሪው ትንፋሽ ስቦ የጎን አጥንቶቹ ከተከፈቱ በኋላ፣ ድምፅ እያወጣ ሳለ ቶሎ እንዳይወድቁ ይይዛቸዋል፤ ድያፍራሙም (ከሳንባ በታች ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) አየሩን በአንዴ ከመልቀቅ ይልቅ በልክ በልክ እንዲለቅ ያግዛል። የእኔ ችግር ድምፁን ላለዝብ ስል ሰውነቴንም አብሬ መልቀቄ ነበር። መምህሬ መዳፋቸውን ከታችኞቹ የጎን አጥንቶቼ ላይ በጀርባዬ በኩል አሳርፈው፣ «እዚህ እንዳለህ ቆይ» ይሉኛል። ድምፁ እየለዘበ ሲሄድ መዳፋቸው ሥር ያለው ቦታ ከጠበበ ያቆሙኛል፣ እንደገና እንጀምራለን። ድምፁ ባነሰ ቁጥር ሰውነት የበለጠ መንቃት እንዳለበት የገባኝ በዚያ መዳፍ ነው። ለዘብ ያለ ድምፅ ማለት የደከመ ድምፅ ማለት አለመሆኑን ቀደም ሲል ቢነግሩኝም በቃል ብቻ ስለነበር አልያዝኩትም ነበር።

ማጉላትንም ቢሆን አዲስ አድርገው ነው ያስተማሩኝ። የኦፔራ ዘማሪ ያለ ማይክሮፎን በስልሳና በሰማንያ መሣሪያ ፊት ቆሞ የሚሰማው ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የበለጠ ስለሚጮህ አይደለም። የኦርኬስትራ ድምፅ ከፍተኛ ጉልበቱ ያለው በ500 ኸርዝ (በሰከንድ 500 ርግብግቢት) አካባቢ ሲሆን ከዚያ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል፤ የሠለጠነ የኦፔራ ድምፅ፣ በተለይ የወንድ፣ በ3,000 ኸርዝ አካባቢ ጉልበቱን ያከማቻል። የሰው ጆሮም በዚያው አካባቢ ንቁ ነው። ስለዚህ ድምፁ በክፍተቱ ያልፋል። ይህ ጥራት የሚገኘው ጉሮሮን በማጥበቅ ሳይሆን ማንቁርት ሳይወጠር ዝቅ ብሎ ሲቀመጥና ከአውታሮቹ በላይ ያለው ቦታ በትክክል ሲቀረጽ ነው። መምህሬ ይህን በተግባር ሊያሳዩኝ ወደ ክፍሉ ጥግ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በፒያኒሲሞ፣ ማለትም እጅግ በለዘበ ድምፅ፣ አንዲት ሐረግ አዜሙ። እያንዳንዷ ቃል ጆሮዬ አጠገብ እንደተነገረች ሆና ደረሰችኝ። ከዚያ ያንኑ ሐረግ ትንፋሽ በበዛበት ለስላሳ ድምፅ ደገሙት፤ ድምፁ ክፍሉ ግማሽ ላይ ጠፋ። ልዩነቱን ከዚያ ወዲያ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም።

ስለ ሙዚቃው ስሜት የሚሰጡት ትምህርትም የተለየ ነው። ጣሊያናዊው የኦፔራ ደራሲ ቬርዲ እ.ኤ.አ. በ1871 ካይሮ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየው «አይዳ» በተባለው ኦፔራ መክፈቻ ላይ ለቴነሩ የጻፈውን አሪያ (ለብቻ የሚዜም ዜማ) ከፍተውልኝ ሲ ቤሞል የተባለችውን የመጨረሻዋን ላይኛ ኖታ አሳዩኝ። ቬርዲ እዚያ ቦታ ላይ የጻፈው ፒያኒሲሞና እየጠፋ የሚሄድ ድምፅ ነው፤ ብዙ ቴነሮች ግን በሙሉ ድምፃቸው ነው የሚዘጉት። መምህሬ ማንንም አልነቀፉም። ነገር ግን ቃላቱን አብረን አነበብን፤ ጦረኛው ራዳሜስ ለሚወዳት ሴት በፀሐይ አጠገብ ዙፋን እንደሚያቆምላት እያለመ ነው፣ ብቻውን ነው፣ የሚሰማውም የለም። «አሁን ንገረኝ፣ እንዲህ የሚያልም ሰው ይጮሃል?» ብለው ጠየቁኝ። አሪያውን እንዳዜመው አልፈቀዱልኝም፤ ጊዜው ገና ነው አሉ፣ ልክም ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንድ ዜማ ይዤ ከመቆሜ በፊት የት እንደምጎላና የት እንደምለዝብ ከነምክንያቱ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ፒያኖ (ለዘብ ያለ) ወይም ፎርቴ (ጎላ ያለ) የሚባለው ድምፅ በመሣሪያ የሚለካ ቁርጥ መጠን አለመሆኑን፣ ትርጉሙን የሚያገኘው ከፊቱና ከኋላው ካለው መሆኑንም ያየሁት በዚሁ ሥራ ነው።

ውጤቱን ሳላጋንን ልናገር። መካከለኛዋ ኖታ ከለዘበው ወደ ጎላው ሄዳ ሳትናወጥ ለመመለስ ስምንት ወር ገደማ ፈጅቶብኛል። በላይኛው የድምፄ ክፍል ላይ አሁንም እየሠራሁ ነው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ከልምምድ በኋላ ድምፄ ተዘግቶ አያውቅም፤ በኅብረ ዝማሬያችንም ለብቻዬ የማዜማትን የመጨረሻ ሐረግ ያለ ማይክሮፎን አለዝቤ ስዘጋ በኋለኛው ረድፍ የተቀመጡ ሰዎች ቃሉን ሰምተውታል።

ወደ እሳቸው ለመሄድ ለሚያስብ ሰው ጥቂት ነገር ማሳወቅ ይገባኛል። መምህሬ ቸኩለው ዘፈን አይሰጡም፤ እኔ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ልምምድ እንጂ ሙሉ ዜማ አላዜምኩም። በሚቀጥለው ወር ፈተና ወይም መድረክ ያለበትና ለዚያ ብቻ መዘጋጀት የሚፈልግ ሰው ከሌላ ቢማር ይሻለዋል። ጉንፋን ይዞ የሄደን ተማሪ አያስተምሩም፣ ውኃ እንዲጠጣና እንዲያርፍ መክረው ይመልሱታል። በቀን አንድ ጊዜ ለረጅም ሰዓት ከመለማመድ ይልቅ ሁለት ጊዜ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ መለማመድን ያዛሉ፤ ትምህርቱን በስልክ ቀድቶ ቤት ማዳመጥንም ይፈቅዳሉ፣ እንዲያውም ይጠይቃሉ። ኦፔራ የማዜም ሐሳብ የሌለው ሰውም ቢሆን፣ ዘፋኝ፣ ዘማሪ፣ ተዋናይ ወይም ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር ውሎ ድምፁ የሚደክምበት መምህር፣ የሚያገኘው ብዙ ነው። እሳቸውም የእያንዳንዱን ድምፅ ለይተው ይሠራሉ እንጂ ሁሉን እንደ ራሳቸው አያደርጉም። ልረዳህ አልችልም ብለው ያመኑበትን ተማሪ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይነግሩታል፤ ይህን ሐቀኝነታቸውን እጅግ አከብርላቸዋለሁ።

መምህሬ፣ ድምፄን ላጠፋው ስደርስ በትዕግሥት መልሰው ሰጥተውኛልና ከልቤ አመሰግንዎታለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ትምህርታቸውን የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አስቀድሜ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኘዋለሁ።