የእድራችንን የ14 ዓመት መዝገብ ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ላወጣልን የጅማ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በጅማ ከተማ በሂርማታ አካባቢ የሚገኝ የአንድ እድር ጸሐፊ ሆኜ ነው። ባለፈው ሐምሌ ጠፋብን ብለን ተስፋ የቆረጥንበትን የ14 ዓመት መዝገብ ከተበላሸ ኮምፒውተር አውጥቶ በአዲሱ ላፕቶፓችን እንድንገለገልበት ያደረገልንን ወጣት የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ በአባላቱ ሁሉ ስም በአደባባይ ላመሰግነው፣ ተመሳሳይ ችግር ለገጠማችሁም ልጠቁማችሁ እወዳለሁ።

አሮጌው ኮምፒውተር በ2003 ዓ.ም. በአባላት መዋጮ የተገዛ፣ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ዴስክቶፕ ነበር። የአባላት ዝርዝር፣ የየወሩ ክፍያ፣ ለለቅሶ ቤት የተሰጠ ገንዘብ፣ የድንኳን፣ የወንበርና የድስት ቆጠራ፣ የመተዳደሪያ ደንቡና የየስብሰባው ቃለ ጉባኤ በሙሉ በእሱ ውስጥ ነበር። አብዛኛውን የጻፉት ከእኔ በፊት ጸሐፊ የነበሩት አባታችን ናቸው፤ ካረፉም ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። መዝገቡ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በእድር ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ስንት ዓመት እንደከፈሉና ምን እንደሚገባት ስትጠይቅ መልሱ የሚገኘው ከዚያው ነው።

በሐምሌ አንድ ቀን፣ ከባድ ዝናብ እየጣለ መብራት ሄዶ ተመልሶ በመጣበት ቅጽበት ከኮምፒውተሩ የተቃጠለ ሽታ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ቁልፉን ደጋግመን ብንጫንም አልነሳም። በመጀመሪያ የወሰድንበት ቦታ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልገኝም፣ ሁለት ቀን ካቆየው በኋላ የተቃጠለው ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል (ፓወር ሰፕላዩ) መሆኑን፣ ፋይሎቹ የተቀመጡበት ሃርድ ዲስክም ፎርማት ተደርጎ፣ ማለትም እንደ ባዶ ዲስክ እንደ አዲስ ተዘጋጅቶ፣ ዊንዶውስ እንደገና ካልተጫነበት እንደማይከፈት ነገረን። እኛም ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ በወጉ ስላልተረዳን እሺ ልንል ጥቂት ቀርቶን ነበር። ያቆሙን ሊቀ መንበራችን ሀጂ ናቸው። «ያለ መዝገብ ኮምፒውተሩ ለምን ይሆነናል? ሌላ ሰው ይየው» አሉ፤ ሳጥኑን በማዳበሪያ ጠቅልለን በባጃጅ ወደ ጅማ መርካቶ፣ ወደዚህ ባለሙያ ሱቅ ይዘን ሄድን።

ይህን ባለሙያ ከሌሎች የለየብኝ የመጀመሪያ ጥያቄው ነው። ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀመጥነው ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀንም፤ «ጋሼ፣ ውስጡ ምን አለ? ሌላ ቦታስ ግልባጭ አላችሁ?» አለኝ። ግልባጭ እንደሌለን ስነግረው እጁን ከሳጥኑ ላይ አነሳና ወንበር ሰጥቶን፣ ሊሠራ ያሰበውን አንድ በአንድ አስረዳን። ዲስኩ ላይ ምንም ነገር አይጻፍበትም፣ አይጠገንበትም፣ ፎርማትም አይደረግም፤ መጀመሪያ ይነበባል፣ ከዚያ ይገለበጣል፣ ማንኛውም ሙከራ በግልባጩ ላይ ብቻ ይሆናል አለን። ይህን ቃሉን እስከ መጨረሻው ጠብቋል።

ሃርድ ዲስኩን ከሳጥኑ አውጥቶ ሲያሳየን ላዩ ላይ 500 ጊጋባይት የሚልና በደቂቃ 7200 ጊዜ እንደሚሽከረከር የሚገልጽ ጽሑፍ ነበረበት። ወደ ጆሮው አስጠግቶ የማዳመጥን ያህል ተጠንቅቆ፣ የራሱ የ12 ቮልት ኃይል ባለው መገናኛ ከሥራ ኮምፒውተሩ ጋር አያያዘው፤ የዴስክቶፕ ዲስክ እንደ ላፕቶፕ ዲስክ በዩኤስቢ ገመድ ብቻ በሚያገኘው ኃይል እንደማይዞር የገባኝ ያኔ ነው። ሲነሳ የሚንቋቋ ድምፅ ቢያሰማ ኖሮ ወዲያው ያጠፋው እንደነበር ነግሮናል፤ እንዲህ ያለው ድምፅ አንባቢው ክንድ እንደተጎዳ ስለሚያመለክት፣ ደጋግሞ ማስነሳት የቀረውንም ይጨርሰዋል። የእኛው እንደ ጥንቱ በዝግታ እየዘመረ ተነሳ። ከዚያ ስማርት የሚባለውን፣ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን መረጃ አየና የተወሰኑ ሥፍራዎች ለመነበብ እያስቸገሩ መሆናቸውን አሳየን።

ያን ጊዜ በስክሪኑ ላይ ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ እንደሚያስፈልግ የሚገልጸው ማሳሰቢያ ወጣ። የመጀመሪያው ቦታ የነገረን ቃል ከዚህ የመጣ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ባለሙያው ማሳሰቢያውን ዘግቶ፣ መብራቱ ኮምፒውተሩ እየጻፈ ሳለ ስለተቋረጠ የተጎዳው የፋይሎቹ ማውጫ እንጂ ፋይሎቹ ራሳቸው እንዳልሆኑ ገለጸልን። በፈጣኑ መንገድ ፎርማት ቢደረግ እንኳ ማውጫው ይጠፋል እንጂ ጽሑፉ ወዲያው አይጠፋም፤ ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን ግን በርካታ ጊጋባይት አዲስ መረጃ በላዩ ስለሚሰፍር፣ በዚያ ሥር የተቀበረውን መመለስ የሚችል የለም። ሰው ሁሉ ይህችን አንድ ነገር ቢያውቅ ስንት የቤተሰብ ፎቶግራፍና ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ይተርፍ ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

መገልበጡ ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ። ዲስኩን ከመጀመሪያዋ ሥፍራ እስከ መጨረሻዋ ድረስ እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ የሚያወርድ፣ አስቸጋሪዎቹን ሥፍራዎች አልፎ ደህናውን ካስቀደመ በኋላ ወደ እነሱ የሚመለስ ፕሮግራም ተጠቀመ፤ መብራት ቢሄድ እንዳይቋረጥም ሥራውን ዩፒኤስ ከሚባለው የመጠባበቂያ ባትሪ ጋር አያያዘው። በማግስቱ ጠዋት በግልባጩ ላይ ማውጫውን ጠግኖ ሲከፍተው ፎልደሮቹ ከነስማቸው ተደርድረው ታዩ። ለማንበብ ያልተቻሉት ከአንድ ዓመታዊ በዓል የተነሱ ሁለት ፎቶግራፎች ብቻ ናቸው።

እኔ አሮጌውን ዲስክ በቀጥታ ከአዲሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኝተን እንደ ድሮው እንድናስነሳው ጠይቄው ነበር። ሊያስቀይመኝ ሳይፈልግ ለምን እንደማይሆን ነገረኝ፦ ዲስኩ የተዘጋጀው ለአሮጌው የማስነሻ ዘዴ ነው፣ አዲሱ ላፕቶፕ ደግሞ ዩኢኤፍአይ በሚባለው ብቻ ይነሳል፤ በውስጡ ያለው ዊንዶውስ የሚያውቀው የድሮውን ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ) እንጂ የአሁኑን አይደለም፤ ማይክሮሶፍትም ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ካቆመበት ከጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ የአባላትን ገንዘብ መዝገብ በእሱ ላይ ይዞ ኢንተርኔት መግባት ደህና አይደለም። ስለዚህ አሮጌው ዲስክ የሚያገለግለን እንደ ማከማቻ ነው፤ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የአዲሱ የራሱ ዲስክ ይሆናል።

ፋይሎቹን ወደ አዲሱ ላፕቶፕ ለማሻገር ስንሞክር የቀድሞው ጸሐፊያችን ፎልደር ፈቃድ የለህም ብሎ ከለከለን። ዊንዶውስ ተጠቃሚን የሚለየው በስም ሳይሆን በውስጥ መለያ ቁጥር ስለሆነ፣ በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ ያው ስም ቢሰጥም እንደ እንግዳ ይቆጠራል፤ ባለሙያው የፎልደሩን ባለቤትነት ወደ አዲሱ ተጠቃሚ በማዛወር ከፈተው። በቅርብ ዓመታት የተገዛ ላፕቶፕ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፦ ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ከተቆለፈ ይህ ዘዴ አይሠራም፣ ባለ 48 አሃዝ የማስከፈቻ ቁጥሩ የግድ ያስፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ ሳይበላሽ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ይገባል።

ሁሉ ነገር አለቀ ብለን የመተዳደሪያ ደንቡን ስንከፍት ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመን። ገጹ ሙሉ በሙሉ ትርጉም በሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተሞልቶ ወጣ። ገንዘብ ያዣችን እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ዝም አሉ፤ እኔም መዝገቡ ውስጡ ተበላሽቷል ብዬ አዘንኩ። ባለሙያው ግን ፈገግ ብሎ «ይኼ የፊደል ጉዳይ ነው» አለን። የግዕዝ ፊደል፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ በተባለው ሥርዓት ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው እትም ሲሆን፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በአገራችን ቢሮዎች ሲሠራባቸው የቆዩት የድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ካለ አማርኛ ይነበባል፤ ከሌለ ከሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል። አዲሱ ላፕቶፕ ያ ፎንት አልነበረውም።

መፍትሔውም የተገኘው ከዚያው ከአሮጌው ዲስክ ነው። የድሮው ዊንዶውስ ፎንቶች የሚቀመጡበትን ፎልደር ከግልባጩ ላይ ከፍቶ፣ አባታችን የተጠቀሙበትን ፎንት ለይቶ አወጣና በላፕቶፑ ላይ ጫነው። ሰነዱን ዘግቶ ሲከፍተው «አንቀጽ አንድ» የሚለው ርዕስ፣ ከሥሩም የእሳቸው አጻጻፍ፣ የየአንቀጹ መጀመሪያ ገባ ብሎ፣ ነጥቦቹ ሁሉ በቦታቸው ሆነው ታዩ። እትዬ ያን ጊዜ አለቀሱ። ዲስኩ ፎርማት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ፣ ሰነዶቹ በፍላሽ ተርፈው ቢሆን እንኳ የሚያነባቸው ፎንት አብሮ ጠፍቶ እንደነበር ሳስብ ለዚህ ልጅ ጥንቃቄ ምን ዓይነት ምስጋና እንደሚመጥን አላውቅም። ለወደፊቱ እንዳንቸገርም ደንቡንና ቃለ ጉባኤዎቹን በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ እንዲነበቡ ወደ ፒዲኤፍ ለወጠልን፤ እየታረመ የሚሠራበትን የአባላት ዝርዝር ደግሞ ወደ ዩኒኮድ አዛወረው።

አሮጌውን ዲስክ የራሱ ኃይል ማስገቢያ ባለው የኤክስተርናል ኬዝ ውስጥ አስገብቶ መለሰልን። እዚህ ላይ ሊሸጥልን የሚችለውን ነገር አልሸጠልንም ብዬ ብመሰክር እውነት ነው፤ ዲስኩ ማርጀት ስለጀመረ ብቸኛው ማስቀመጫ እንዳናደርገው አጥብቆ አሳሰበን እንጂ ደህና ነው ብሎ አላታለለንም። አሁን መዝገቡ በላፕቶፑ ላይ፣ ግልባጩ በተገለበጠበት ዲስክ በሊቀ መንበራችን ቤት፣ አሮጌው ደግሞ በእድሩ ካዝና ይገኛል፤ የወሩ ሂሳብ በተዘጋ ቁጥር በሀጂ ቤት ያለው ይታደሳል።

ዋጋውን ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ተናግሯል፣ ሲጨርስም አልጨመረም። ፋይሎቹ ሲከፈቱ ከመካከላችን አንድ ሰው አጠገቡ እንዲቀመጥ የጠየቀው እሱ ራሱ ነው፤ የአባላትን የቤተሰብ ሁኔታ የሚገልጹ ደብዳቤዎች ስለነበሩ ይህ ለእኛ ከገንዘቡ የበለጠ ነበር። ዕቃውን በተረከብንበት ቀንም በእሱ ኮምፒውተር ላይ የቀረ ፋይል እንደሌለ በዓይናችን እያየን አጥፍቶልናል።

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ ማውጣቱን ስላልፈቀደልኝ እዚህ አልጻፍኩትም፤ የምትፈልጉት በውስጥ መልእክት ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ኮምፒውተሩን ለማስነሳት ደጋግማችሁ አትሞክሩ፣ ዲስኩንም ከፍታችሁ አትዩ፤ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ከዝናብ ጠብቃችሁ፣ የድሮውን የይለፍ ቃል የምታስታውሱ ከሆነም በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። እሁድ ሱቁ ዝግ ነው።