ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ አዲስ አበባ ላይ ብቻ የሚሠራ የመኪና ዋስትና አትቀበሉ

የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ብር እያጠራቀማችሁ ያላችሁ፣ ከደላላ ጋር መነጋገር የጀመራችሁ፣ ቀብድ ልትከፍሉ ያሰባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ አትፈርሙ። ሻጩ "ሙሉ ዋስትና አለው" ሲላችሁ አንድ ነገር ጠይቁት። መኪናዋ ደሴ ላይ አልነሳ ብትል አዲስ አበባ ድረስ ማን ያመጣታል? በማን ወጪ? መልሱ ውሉ ላይ ካልሰፈረ እኛ ወሎ ያለን ሰዎች ዋስትና የለንም ማለት ነው።

በእኛ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ። የሻጩን ስም አልጠቅስም፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና የሚፈልግ ሰው ምርጫው ባብዛኛው የኤሌክትሪክ ሆኗል። የቤንዚን ሰልፉም ሰውን አማሮታል። እኛ የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ባለቤቴ የምትሠራው ደሴ። በየቀኑ የሐረጎን ዳገት ትወጣለች፣ ማታ ትወርዳለች። ስለዚህ ከአንድ የአዲስ አበባ አስመጪ ቻይና ሠራሽ መኪና ገዛን። ዋጋው ከሁለት ሚሊዮን ብር በላይ ነው። የዋስትና ወረቀቱ ግን አንድ ገጽ ብቻ ናት። "ለመኪናው አንድ ዓመት፣ ለዋናው ባትሪ ስምንት ዓመት" ትላለች። ማህተም አላት። የት እንደሚጠገን፣ በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ ማን እንደሚያጓጉዝ አንድም ቃል የለባትም። ስንጠይቃቸው "ምንም ችግር የለም፣ እኛ አለን" ነበር መልሳቸው።

በታኅሣሥ ብርድ ነው የጀመረው። መኪናዋ ደሴ ሆጤ አካባቢ ዘመድ ቤት አድራ ጠዋት አልነሳ አለች። አልነሳ ማለት እንደ ድሮው ሞተር እየጮኸ እምቢ ማለት አይደለም። ጭራሽ ምንም ነገር የለም። ቁልፉን ብትጫኑት በር አይከፍትም። ቁልፉ ውስጥ ባለችው የብረት ቁልፍ ከፍተን ስንገባ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ማታ ስትቆም ዋናው ባትሪ ከግማሽ በላይ ቻርጅ ነበረው።

ሻጩ ጋ ደወልን። መጀመሪያ "ትንሽ ጠብቋት፣ ራሷ ትመለሳለች" አሉ። ቀጥሎ "አዲስ አበባ አምጧት" አሉ። እንዴት ብለን? እሱ የናንተ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ላስረዳ፤ ብራችሁን የሚያድነው ይሄ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ከትልቁ ባትሪ ሌላ በነዳጅ መኪና ላይ እንዳለው ያለ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው። በሩን፣ ስክሪኑን፣ ኮምፒዩተሮቹን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙት ሪሌዎችም የሚዘጉት በእሱ ጉልበት ነው። ትንሹ ከሞተ ትልቁ መቶ በመቶ ሙሉ ቢሆን እንኳ መኪናው አይነቃም። ትንሹን የሚሞላው ደግሞ ከትልቁ ባትሪ ወስዶ ቮልቱን ዝቅ የሚያደርግ ኮንቨርተር የሚባል ዕቃ ነው። በነዳጅ መኪና ላይ ዲናሞው የሚሠራውን ሥራ እዚህ ኮንቨርተሩ ይሠራል።

ደሴ ያገኘነው ኤሌትሪሲስት ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። "አብሽሩ፣ ትልቁ ደህና ነው" አለን። በቴስተር ትንሹን ባትሪ ሲለካ 9 ቮልት ግድም ሆነ። ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሲያርፍ 12.6 አካባቢ ያሳያል። 12.2 ሲሆን ግማሽ ያህል ነው። ከ12 ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከሌላ መኪና ባትሪ በኬብል አገናኝቶ ቀሰቀሳት፤ ነቃች። ከዚያ ወዲያው ኮፈኑን አልዘጋም። መኪናዋ በርታ እያለች እንደገና ለካ። ኮንቨርተሩ የሚሠራ ቢሆን ቁጥሩ ከ13 በላይ መውጣት ነበረበት። አልወጣም። ከ12 ትንሽ ፈቅ ብሎ ቆይቶ ቀስ እያለ ይወርዳል። "ባትሪው አይደለም ጥፋቱ፣ የሚሞላው የለም" አለን። ሁሉንም በስልክ ቀረጽኩት። ይህች ቪዲዮ በኋላ ብዙ ሠርታልናለች።

መኪናዋን በጭነት መኪና አዲስ አበባ ላክናት። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ክፍት መሆኑን ቀድሞ መጠየቅም የኛ ኑሮ አካል ሆኗል። የጭነቱን፣ የማውረጃውን፣ የአብሮ ሂያጁን ወጪ እኛ ከፈልን። የሻጩ ጋራዥ ለሳምንታት አቆይቷት ሲመልስ ምን አድርጎ ቢሆን ጥሩ ነው? ትንሹን ባትሪ ቀይሮ። የኤሌትሪሲስቱን ልኬት ነግረናቸው፣ ቪዲዮውን ልከንላቸው። ለባትሪውም አስከፈሉን፤ "እሱ ዋስትና ውስጥ አይገባም" ብለው። ምንጩ የደረቀ ቧንቧ ሥር አዲስ ጀሪካን እንደመደቀን ነው። ብዙም ሳይቆይ አዲሱ ባትሪ እንደ አሮጌው ባዶ ሆነ፤ መኪናዋ ኮምቦልቻ ግቢያችን ውስጥ ድርቅ ብላ ቀረች።

ለሁለተኛ ጊዜ ስንደውል ሰበቡ መምጣት ጀመረ። እነዚህን ሰበቦች አንድ በአንድ የምጽፈው እናንተም ስለምትሰሟቸው ነው።

"የውጭ ባለሙያ ነክቷታል፣ ስለዚህ ዋስትናው ፈርሷል" አሉ። ኤሌትሪሲስቱ የነካው የትንሹን ባትሪ ሞርሴቶ (ገመዱ ባትሪው ላይ የሚታሰርበትን ብረት) ብቻ ነው። አንድም ብሎን አልፈታም፣ ዋናው ባትሪ አጠገብ አልደረሰም። ወረቀታቸው ላይም ቮልት መለካት ዋስትና ያፈርሳል የሚል ነገር የለም። ሻጩ በ400 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አንድም ባለሙያ ሳያስቀምጥ እዚህ ያለውን ባለሙያ እንዳትጠሩ ሲል፣ መኪናችሁ ቆሞ ይቅር ማለቱ ነው።

"በቤት መብራት ቻርጅ ስለምታደርጉ ነው" አሉ። ቻርጅ ማድረጊያ ኬብሉን ከመኪናው ጋር አብረው የሰጡን እነሱ ናቸው። ለቤት ሶኬት የተሠራ ነው፤ መብራት ሲዋዥቅ የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ ሳጥን አለው።

"ዳገትና ብርድ ነው" አሉ። በዚህኛው በጣም ነው የተናደድኩት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጦሳ ተራራ ሥር ነው የተቀመጠችው። ብርድ የባትሪን አቅም ይቀንሳል፣ እውነት ነው። የደከመ ባትሪ ጠዋት ላይ የሚጋለጠውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ብርድ ኮንቨርተር አያበላሽም። ደግሞ መኪናዋ የት እንደምትነዳ ከመሸጣቸው በፊት ነግረናቸዋል። ለደሴ ሰው ሸጠው ዳገት ነዳችሁ ማለት ምን ማለት ነው?

ቪትዝና ኮሮላ የምትነዱም ይህ እናንተን አይመለከትም አትበሉ። ብልሃቱ አንድ ነው። መኪናው አልነሳ ሲል ባትሪ ይሸጡላችኋል፣ ዲናሞውን ግን አይለኩም። ቁልፍ ስታዞሩ "ቀጭ" ብሎ ዝም ካለ ባትሪው፣ የሞርሴቶው ዝገት ወይም ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ነው። ሞተሪኖው እያዞረ ሞተሩ ካልያዘ ደግሞ ባትሪ መቀየር ለብቻው ምንም አይፈይድም፤ ችግሩ ነዳጅ ወይም ካንዴላ (ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) አካባቢ ነው። ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩ በርቶ እያለ ይለካላችሁ። 14 ቮልት አካባቢ ካላሳየ መጀመሪያ ዲናሞው ይታይ። ልኬቱ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ እምቢ የሚል ጋራዥ ካለ ሌላ ጋ ሂዱ።

ስለ ስምንት ዓመቱም አንድ ነገር ልበል። ብዙ አምራቾች ለዋናው ባትሪ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ። ይህ ግን አብዛኛውን ጊዜ መኪናው እንዲሸጥ በታሰበበት አገር፣ በአምራቹ ወኪል በኩል ሲገዛ ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በግል አስመጪ የመጣ መኪና ላይ አምራቹ እዚህ መጥቶ አይጠይቅላችሁም። ያላችሁ የአስመጪው ቃል ብቻ ነው። አስመጪው ነገ ቢሮ ቢዘጋ ስምንት ዓመቱም አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ "የአምራቹ ዋስትና ነው" ካሏችሁ በሻንሲ ቁጥሩ የተመዘገበበትን ማስረጃ አሳዩኝ በሉ።

ከመፈረማችሁ በፊት በውሉ ላይ ይግባ የምለው ይህን ነው። መኪናው በዋስትና ዘመኑ ባለበት ከቆመ የማጓጓዣ ወጪ የሻጩ እንዲሆን። ጥገናው በስንት ቀን እንደሚያልቅ፤ ካለፈ ምን እንደሚከፍል። ተመሳሳይ ብልሽት ከጥገና በኋላ ቢደገም ዕቃው እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ። ትንሹ ባትሪ፣ ኮንቨርተሩና ቻርጀሩ ዋስትናው ውስጥ መኖራቸው በስማቸው ተጠርቶ ይጻፍ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ የትኛው ጋራዥ እንዲነካው እንደሚፈቀድም ይጻፍ። ይህን ለመጻፍ የማይፈልግ ሻጭ ሲበላሽም ለመጠገን አይፈልግም። ቀብዳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

መኪናችሁ ቆማ ያላችሁ ደግሞ በገመድ አታስጎትቷት። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች መሬት ላይ እየዞሩ ሲጎተት ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ሌላ ብልሽት ያመጣል። ያኔ ሻጩ እውነተኛ ምክንያት ያገኛል። ሙሉ በሙሉ ተጭና ትሂድ። ብርቱካናማ ኬብሎችንም ማንም እንዳይነካ። ብዙ ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ የሚያልፍባቸው ናቸው፤ ሰው ይገድላሉ።

ሕጉን በሚመለከት፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ከዚህ የተሻለ ዋስትና በውል ከተሰጠው እሱን የመጠየቅ መብቱ አይነካም። እነዚህ 15 ቀናት ወርቅ ናቸው። መኪናውን እንዳመጣችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ባለሙያ ጋ ወስዳችሁ አስለኩት፤ በሁለቱም ከተሞች መካከል ንዱት፣ ሌሊት ውጭ አሳድሩት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። በስልክ መጨቃጨቅ ማስታወቅ መሆኑን በኋላ ማስረዳት ይከብዳል። ስለዚህ በጽሑፍ አድርጉት፤ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ (ተመዝግቦ በሚላክ ደብዳቤ) ላኩት፣ ደረሰኙን ያዙ። ለጥገና ስታስረክቡም የገባበትን ቀን፣ የኪሎ ሜትር ንባቡንና ያስመዘገባችሁትን ብልሽት የያዘ የፈረሙበት ወረቀት ተቀበሉ። የከፈላችሁትን ሁሉ በደረሰኝ።

የኛ ጉዳይ መንቀሳቀስ የጀመረው ይህን ካደረግን በኋላ ነው። ቪዲዮውን፣ የሁለቱን ጊዜ ልኬትና የዋስትና ወረቀቱን አያይዘን በሪኮማንዴ ላክን። ግልባጩን ለከተማችን ንግድና ገበያ ልማት መሥሪያ ቤትና አዲስ አበባ ለንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር አስገባን። በስልክ "ዋስትናው ፈርሷል" ሲሉን የነበሩት ሰዎች ኮንቨርተሩን ያለ ክፍያ ቀየሩ። አሁን መኪናዋ በርታ ስትለካ ከ14 ቮልት አትወርድም፤ ባለቤቴም ሐረጎን መመላለስ ጀምራለች።

የጭነቱን ወጪና ያለአግባብ ያስከፈሉንን የባትሪ ዋጋ ግን እስካሁን አልመለሱም። ማመልከቻችን ገብቷል፣ እየተከታተልን ነው። ከአዲስ አበባ አስመጪ ገዝታችሁ ያቺን አንድ ገጽ የዋስትና ወረቀት ይዛችሁ መኪናችሁ የቆመባችሁ ካላችሁ፣ ደረሰኛችሁንና ልኬታችሁን አዘጋጁ። አቤቱታውን በጋራ እናስገባ።